ሱድ፤ እንግዳን የማያሳልፈው የነጭ ዓባይ ረግረግ

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በአገራችን አንድ ሰው ከችግር አመልጣለሁ ሲል ከባሰ ችግር ውስጥ የገባ እንደ ሆነ «ከድጡ ወደ ማጡ» ይባልበታል። ድጥ ቢያዳልጥም ተነሥቶ መንገድን መቀጠል ይቻላል፤ ማጥ ግን እግርን ከያዘ አይለቅም። እንዲህ ያለው አስተያየት የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ያለ መንገደኛ ሁሉ፥ ነጋዴም ቢሆን፥ ወታደርም ቢሆን፥ መሐንዲስም ቢሆን፥ ረግረግ በፊቱ በተደቀነ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «እንዴት አድርጌ ልለፈው?» የሚል ነው።

ዛሬ የምንናገረው ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ይህ ጥያቄ ሲጠየቅበት ስለ ኖረ አንድ ታላቅ ረግረግ ነው። ስፍራው ከምዕራብ ድንበራችን ባሻገር፥ በደቡብ ሱዳን ውስጥ ሲሆን ስሙ ሱድ ይባላል። ታሪኩን ስንተርክ የዘመን አቆጣጠር እንዳይደባለቅብን ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

«ሱድ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም መዝጊያ ወይም ግድብ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡለት በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች አይደሉም፤ ሊያልፉበት መጥተው መንገድ የተዘጋባቸው እንግዶች ናቸው። አድማጮቻችን ይህን ነገር በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያና ከአልበርት ሐይቆች ወጥቶ፥ በተራራማው አገር በፏፏቴ እየተወረወረ ከመጣ በኋላ ጁባን አልፎ ወደ ቦር ሲቀርብ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው እንደ ምጣድ የተስተካከለ ሜዳ ነው። ቍልቍለቱ ስለሚያልቅበት ጉልበቱ ይደክማል፤ በዚህም ምክንያት ከዳርቻው አልፎ በብዙ ቅርንጫፍ ይበተናል። ከዚያ ወዲያ እስከ ኖ ሐይቅ ድረስ ያለው አገር ወንዝ ነው እንዳይባል ውኃው ቆሞአል፤ ሐይቅ ነው እንዳይባል ሣር ለብሶአል። የረግረጉ ስፋት እንደ ዝናቡ ማነስና መብዛት ይለዋወጣል። በ2006 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ጥበቃ ከሚገባቸው ረግረጎች ጋራ በተመዘገበ ጊዜ የተከለለለት ስፋት 57,000 ኪሎ ሜትር ካሬ ነበር። ይህም ከአሥራ አምስት የጣና ሐይቅ የሚበልጥ መሆኑ ነው።

እስቲ አንድ እንግዳ በበጋ ወራት ከቦር በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሲወርድ በሐሳባችን እንከተለው። በመጀመሪያ አዲስ አገር የማየት ደስታ ይሰማዋል። ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ግን በግራም በቀኝም የሚታየው የደንገል ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ደንገል በጣና ዳር ያሉ ወገኖቻችን ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው፤ በሱድም ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። እንግዳው ከጀልባው ጣራ ላይ ወጥቶ ቢመለከት እስከ ሰማይ ዳርቻ ድረስ አረንጓዴ እንጂ ሌላ አያይም፤ ኮረብታ የለም፥ እግር የሚያሳርፉበት ደረቅ መሬትም የለም። መሬት አገኘሁ ብሎ ሊወርድበት ያሰበው ደሴት፥ ነፋስ ሲነሣ ከነሣሩና ከነወፉ ተነቅሎ ሲሄድ ያየዋል።

ሲመሽ የትንኙ መንጋ ይነሣል፤ የእንቁራሪቱም ጩኸት ጆሮ ይሞላል። በመካከሉ ጉማሬ ከውኃው ብቅ ብሎ ሲያናፋ ጀልባው ሁሉ የተናወጠ ይመስላል። ጎህ ሲቀድ ግን እንግዳው የሌሊቱን ጭንቀት የሚያስረሳ ነገር ያያል። ከደንገሉ ሥር ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ፥ መልኩ አመድማ፥ ምንቃሩ እንደ ትልቅ ጫማ የሰፋ ወፍ እንደ ሐውልት ቆሞአል። ዐረቦች ይህን ወፍ አቡ መርኩብ፥ ማለት የጫማ አባት ይሉታል። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቆይና ዓሣ ለመተንፈስ ወደ ላይ ብቅ ሲል በአንድ ጊዜ ወድቆበት ይይዘዋል። ዓሣ እንዴት ለመተንፈስ ብቅ ይላል ያላችሁ እንደ ሆነ፥ በዚህ ውኃ ውስጥ ሳንባ ያለው የዓሣ ዘር ይኖራል። ውኃው በደረቀበት ወራት ይህ ዓሣ በጭቃ ውስጥ ራሱን ቀብሮ፥ ዝናብ እስኪመለስ ድረስ አየር እየተነፈሰ በሕይወት ይቆያል።

ሲታቱንጋ የሚባለው የድኩላ ዘመድ ደግሞ ረጃጅምና የተዘረጋ ሰኮና ስላለው በጭቃና በተንሳፋፊ ሣር ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል፤ ጠላት ሲያሳድደውም ከአፍንጫው በቀር ሰውነቱን ሁሉ በውኃ ውስጥ ይደብቃል። የናይል ሌችዌ የተባለው ባለ ረጅም ቀንድ እንስሳ በዓለም ላይ የሚኖረው በዚህ ረግረግና በአካባቢው ባሉት፥ እስከ ጋምቤላችንም በሚደርሱት ረግረጋማ ስፍራዎች ብቻ ነው። ከእነዚህ ሌላ አዞው፥ ዝሆኑ፥ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽቶ የሚመጣው ሽመላና ሌላውም ወፍ ሁሉ ተዘርዝሮ አያልቅም።

እንግዳው ይህን ሁሉ እያደነቀ ሳለ ጀልባው ድንገት ይቆማል። ወንዙ በፊቱ ተዘግቶአል። የዚህም ምክንያት እንደሚከተለው ነው። ማዕበል በተነሣ ጊዜ ሥሩ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ሣርና ደንገል እየተገመሰ ወደ ወንዙ መሄጃ ይገባል፤ ከአንድ ጠባብ መታጠፊያ ሲደርስም ይሰነቀራል። ከኋላ የሚመጣው በፊተኛው ላይ ይከመርበታል፤ የውኃውም ግፊት ያጠብቀዋል። ጥቂት ጊዜ ከቆየ ሰው በላዩ ተራምዶ እስኪያልፍ ድረስ ይጠነክራል፤ ውኃው ግን በሥሩ ሾልኮ ይሄዳል። ሱድ የተባለው በመጀመሪያ ይህ መዝጊያ ነው፤ በኋላም አገሩ ሁሉ በእርሱ ስም ተጠራ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ከ60 ዓ.ም. ጥቂት ቆይቶ የዓባይን ምንጭ ፈልገው እንዲያገኙ ሁለት የመቶ አለቆች ልኮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ለፈላስፋው ለሴኔካ ነገሩት፥ እርሱም በመጽሐፉ አስገባው። ሣርና ውኃ እንደ ተጋመደ፥ በእግርም በመርከብም ለማለፍ እንደማይቻል፥ አንድ ሰው ብቻ ከሚይዝ ትንሽ ጀልባ በቀር የሚያልፍ እንደሌለ ተናገሩ። ብዙ ሊቃውንት ይህ ስፍራ ሱድ መሆን አለበት ብለው ያምናሉ። ሮማውያን ከዚያ ተመለሱ፤ የነጭ ዓባይም መንገድ ለውጭ ሰው ከ1,700 ዓመት በላይ እንደ ተዘጋ ቀረ።

መዝጊያውን የከፈተው የግብጹ ገዢ መሐመድ ዓሊ ነው። ከ1839 እስከ 1842 ዓ.ም. ሰሊም የተባለውን የመርከብ አዛዥ ሦስት ጊዜ ላከ፤ ሰሊምም በሁለተኛው ጉዞው ረግረጉን አልፎ ጎንዶኮሮ አጠገብ ደረሰ። ይህ ለዕውቀት ትልቅ እርምጃ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ምንጭ ፈላጊው የከፈተውን በር ተከትለው የገቡት የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎችና የባሪያ ፈንጋዮች ናቸው። ረግረጉ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን ከኋላው ያሉት መንደሮች በሰላም ያድሩ ነበር፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ግን እንቅልፍ አጡ። አንዱ «እንቅፋት» ያለው ነገር ለሌላው አጥር ሆኖለት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861ና በ1862 ዓ.ም. በአገራችን የሰቲትንና የሌሎችን ወንዞች ዳርቻ የጎበኘ ሰው ነው። በ1869 ዓ.ም. የግብጽ ኬዲቭ እስማኤል የባሪያውን ንግድ እንዲያጠፋና የላይኛውን ዓባይ እንዲያስገብርለት ብዙ ጦር ሰጥቶ ላከው። ቤከርም በ1870 ዓ.ም. ከካርቱም ተነሥቶ ሲወጣ ዋናው መንገድ በሣር ተዘግቶ አገኘው። በባሕር ኤል ዘራፍ በኩል ሞከረ፤ ወታደሮቹ ከወገባቸው በላይ በጭቃ ሰምጠው ሣሩን በሰይፍና በማጭድ እየቈረጡ ቢደክሙም ሊያልፉ ስላልቻሉ ተመለሱ። በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ወጡ። በመጋቢት 1871 ዓ.ም. መርከቦቹ ከጥልቅ ውኃ ጥቂት ሲቀራቸው ከጭቃ ላይ ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ቤከር ከመርከቦቹ በስተኋላ ወንዙን በግንድና በአፈር አስገደበው፤ ውኃው ሞላ፥ መርከቦቹም ተንሳፈው ወጡ። እንቅፋቱን ለማለፍ ሌላ እንቅፋት መሥራት አስፈለገው ማለት ነው።

ሁሉም ግን እንደ ቤከር ዕድለኛ አልሆነም። ጣሊያናዊው ሮሞሎ ጄሲ የባሕር ኤል ጋዛል ገዢ ነበር። በመስከረም 1880 ዓ.ም. ብዙ መቶ ሰው ይዞ በእንፋሎት መርከብ ሲመለስ ሣሩ ከፊትም ከኋላም ዘጋበት። ስንቁ አለቀ። ጥቂት ወራት በዚያው እንደ ተቀመጡ አብዛኛው ሰው በረኃብና በበሽታ ረገፈ። በጥር 1881 ዓ.ም. ማርኖ የተባለ ኦስትሪያዊ በሌላ መርከብ ደርሶ የቀሩትን አወጣቸው። ጄሲ ግን ሰውነቱ ስለ ተጐዳ በዚያው ዓመት በስዌዝ ሞተ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁ የእኛም ታሪክ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምዕራብ ድንበራቸውን ለማጽናት፥ ፈረንሳዮችም በማርሻን የሚመራውን ጭፍራ ከአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ነጭ ዓባይ ለማድረስ በሚደክሙበት ጊዜ፥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ከጎሬ ተነሥተው በባሮና በሶባት በኩል እንዲወርዱ ታዘዙ። የደጋው ወታደር ወደ ቆላው ረግረግ ሲገባ የገጠመው ጠላት ትንኝ ነበር። ወባው ሠራዊቱን አደከመው፤ ስንቅም አጠረ። ቢሆንም ከሠራዊቱ ተከፍሎ የተላከው ጦር ሁለት ፈረንሳዮችንና አርታሞኖቭ የተባለውን የሩሲያ ኮሎኔል ይዞ በሰኔ 1898 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ ደረሰ። በዚያም ባንዲራ ተከሉ። የማርሻን ጭፍራ ግን ገና አልመጣም ነበርና በበሽታና በረኃብ ምክንያት ሊጠብቁት አልቻሉም፤ ተመለሱ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፥ በሐምሌ 10 ቀን ማርሻን የባሕር ኤል ጋዛልን ረግረግ አልፎ ፋሾዳ ገባ። በመስከረም ደግሞ እንግሊዛዊው ኪችነር ደረሰ፤ ሁለቱ መንግሥታትም ለጦርነት ሊማዘዙ ጥቂት ቀራቸው። በዚያ ዓመት ሦስት መንግሥታት ለአንድ ወንዝ ሲሽቀዳደሙ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ፥ ማንስ ሊቆይ እንደሚችል ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ይህ ረግረጋማ አገር ነበር።

እንግሊዞች ሱዳንን ከያዙ በኋላ ሜጀር ፒክ የተባለው መኰንን በ1899 ዓ.ም. መጨረሻ ብዙ መቶ የማኅዲስት ምርኮኞች ይዞ መንገዱን ሊጠርግ ተላከ። ሣሩን በላዩ ያቃጥሉታል፤ የቀረውን እንደ ጡብ እየከፈሉ በመጋዝ ይቈርጡታል፤ ቍራጩንም በሰንሰለት አስረው በመርከብ ጎትተው ወደ ታች ይለቁታል። በሚቀጥለው ዓመት ዋናው መንገድ ተከፈተ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የመጣው እንግዳ መሐንዲስ ነው። የግብጽን የመስኖ ሥራ ይመራ የነበረው ዊልያም ጋርስቲን ወደ ረግረጉ የሚገባውንና ከረግረጉ የሚወጣውን ውኃ አስለክቶ፥ ከገባው ውስጥ ግማሽ ያህሉ በፀሐይና በተክል አማካይነት ወደ አየር እንደሚሄድ ተመለከተ። በ1904 ዓ.ም. ባቀረበው ጥናትም ውኃው ረግረጉን ትቶ በሌላ ቦይ እንዲሄድ አሳሰበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ውኃ በመዝገብ ላይ ሲጻፍ «የባከነ» ተብሎ ነው። ለማን የባከነ እንደ ሆነ ግን መዝገቡ አይናገርም።

ከ1946 እስከ 1954 ዓ.ም. የሠራው የጆንግሌይ የጥናት ጓድ ይህን ጥያቄ ካነሡት ወገን ነው። የጓዱ አባሎች ከውኃው ልኬት ጋራ የሰዎቹን ኑሮ ጭምር መረመሩ። ዲንካና ኑዌር በክረምት ከፍ ካለው ስፍራ ይቀመጣሉ፤ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ከብቶቻቸውን እየነዱ «ቶይች» ወደሚሉት፥ ጎርፉ ለቆት ወደ ሄደው ለምለም ሜዳ ይወርዳሉ። ሌላው አገር በደረቀበት ወራት ከብቱ የሚጠግበው፥ ዓሣውም የሚጠመደው በዚያ ነው። ምሽት ላይ ትንኙን ለመከላከል የከብት እበት ያጨሳሉ፤ አመዱንም በሰውነታቸው ይቀባሉ። እንግዳው መዝጊያ ያለው ነገር ለእነርሱ ግጦሽም፥ የዓሣ ጎተራም ነው። የጥናቱ ጓድ ቦዩ እንደ ታሰበው የተቆፈረ እንደ ሆነ ይህ ኑሮ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ገለጸ።

የደቡብ ሱዳን የመጀመሪያው ጦርነት በ1972 ዓ.ም. በዚሁ በዋና ከተማችን በተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ካበቃ በኋላ የቦዩ ነገር እንደገና ተነሣ። በ1974 ዓ.ም. ግብጽና ሱዳን ተስማሙ፤ በጁባ ሕዝቡ ተቃውሞውን በአደባባይ አሰማ። ቢሆንም በ1978 ዓ.ም. ቁፋሮው ተጀመረ። ከጀርመን የተሠራ እጅግ ግዙፍ መቆፈሪያ መኪና መጥቶ ከ360 ኪሎ ሜትር ውስጥ 240 ያህሉን ቆፈረ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ የደቡቡ ሸማቂዎች በሥራው ላይ አደጋ ጣሉ፤ ሥራውም ቆመ። የሸማቂዎቹ መሪ ጆን ጋራንግ ከሁለት ዓመት በፊት በአሜሪካ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ጽሑፉን የጻፈው ስለዚሁ ስለ ጆንግሌይ ጉዳይ ነበር። ዛሬ መኪናው በሜዳ ላይ ዝጎ ቆሞአል፤ ውኃ ያልገባበትም ጉድጓድ የእንስሳውንና የሰውን መተላለፊያ ቈርጦ ተኝቶአል።

ክቡራን አድማጮች፤ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት የሌላውንም ወገን ነገር መስማት ይገባል። በታችኛው ዓባይ ያሉ ሕዝቦች ውኃ የሚሹት ለቅንጦት አይደለም። ረግረጉም ለራሱ ሰዎች ሁልጊዜ ደግ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ሞልቶ ሱድ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ በሰፋ ጊዜ ብዙ ግጦሽ በውኃ ሥር ቀረ። ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ የወረደው ጎርፍ ደግሞ በቤንቲው አካባቢ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሎ፥ በዙሪያው የአፈር ግንብ በታጠረ መጠለያ ውስጥ አስቀምጦታል። በ2022 ዓ.ም. ወንዙ ይጠረግ፥ ቦዩም ይቀጥል የሚል ሐሳብ እንደገና ሲነሣ ከእዚያው አገር ሰዎች የደገፉም የተቃወሙም ነበሩ። ጥያቄው ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ወጪውን ብቻ ጽፎ ገቢውን መተው የለበትም። ረግረጉ እንደ ጥንቁቅ ገንዘብ ያዥ ነው፤ የተቀበለውን በአንድ ጊዜ አያወጣም። በጎርፍ ወራት ውኃውን ይይዛል፥ ዓመቱን ሁሉም እኩል በሚሆን መጠን እያጠለለ ይለቃል። ከእርሱ በታች ነጭ ዓባይን የሚሞላው ከእኛ ደጋ በባሮ አማካይነት የሚወርደው ሶባት ነው፤ በማላካል አጠገብ ከሚያልፈው ውኃ ግማሽ ያህሉ የሶባት ነውና። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከረግረጉ በስተ ምሥራቅ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ እንስሳት በአውሮፕላን ተቈጥረው በሚቀጥለው ዓመት ውጤቱ ሲነገር፥ በየዓመቱ ውኃንና ሣርን ተከትሎ የሚሰደደው መንጋ ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚደርስ ታወቀ፤ ከዚህም 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በምድር ላይ ከሚታወቀው የአጥቢ እንስሳት ስደት ይህን የሚያህል የለም። ከዚሁ መንጋ ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ይመጣል። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲፈልግ የኖረው እንግዳ በአጠገቡ ያለውን ይህን ሁሉ ሀብት ቆጥሮ የጨረሰው ትናንት ነው።

የሱድ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። በዓል በመጣ ቍጥር በየቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከረግረግ የሚታጨድ ነው፤ የጣናው ታንኳ የሚታሰርበት ደንገልም እንዲሁ። በምዕራቡ ክፍል ያለው ገበሬ ቤቱን የሚከድነው ከረግረግ ባጨደው ሣር ነው። ይህም ሆኖ «ባዶ ረግረግ ስለ ሆነ ይደርቅና ለሥራ ይዋል» የሚል ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ሐሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚደርሰው በመሥሪያ ቤት ያለ ሰው ከመፈረሙ በፊት እዚያ ከብት የሚያሰማራውን፥ ሣር የሚያጭደውንና ውኃ የሚቀዳውን ሰው ስፍራውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ቢጠይቀው ይበጃል። በሱድ ይህ ጥያቄ የተጠየቀው ዘግይቶ ነው፤ የተሰማው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው።